አጭር ፊልምና የመምህሩ ድርሻ፦ በፌስቲቫል ሊታዩ ከሚገባቸው ሥራዎች የስድስቱ ግምገማ

መግቢያ

ፊልም ለትምህርት ይረዳል ወይስ አይረዳም የሚለው ክርክር ያረጀ ክርክር ነው። ዛሬ በመምህራንና በትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ፊት የቆመው ጥያቄ የትኛው ፊልም፣ ለስንት ደቂቃና በምን ዓይነት አያያዝ ይታይ የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ክብደት አለው፤ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ፊልሙ የሚወስዳት እያንዳንዷ ደቂቃ ከመምህሩና ከተማሪው ድርሻ ላይ የምትቀነስ ናትና።

የአጫጭር ፊልሞች ፌስቲቫል የትምህርት ባለሙያን ሊያሳስበው የሚገባውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከእነዚህ ፌስቲቫሎች መካከል በዕድሜም በዝናም ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ የተወለደው ከትምህርት ቤት ነው። በሩር የኢንዱስትሪ አካባቢ፣ በድንጋይ ከሰልና በብረት ሥራ ትታወቅ በነበረችው በኦበርሃውዘን ከተማ፣ በ1954 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) የከተማዪቱ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ሂልማር ሆፍማን አጫጭር የትምህርትና የባህል ፊልሞች የሚታዩበትን ዝግጅት አቋቋሙ። ዝግጅቱ እየሰፋ ሄዶ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ሆነ፤ «ወደ ጎረቤት የሚወስድ መንገድ» የሚል መሪ ቃልም ያዘ። በ1962 ደግሞ 26 ወጣት የፊልም ባለሙያዎች አሮጌው ሲኒማ መሞቱንና አዲስ የጀርመን ፊልም ለመፍጠር መነሣታቸውን ያወጁት በዚሁ መድረክ ላይ ነበር። እንግዲህ የጎልማሶች ማስተማሪያ ሆኖ የተጀመረው ዝግጅት የኪነ ጥበብ ለውጥ መነሻ ለመሆን የፈጀበት ጊዜ ስምንት ዓመት ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በፌስቲቫል መድረኮች ስማቸው ከሚነሣ አጫጭር ፊልሞች መካከል ስድስቱን ከትምህርት አንጻር መገምገም ነው። ስድስቱ በአንድ ዓመት ወይም በአንድ አዳራሽ የቀረቡ አይደሉም፤ አገራቸውም ዘመናቸውም የተለያየ ነው። አንድ የሚያደርጋቸው ርዝመታቸው ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ገደማ መሆኑና እያንዳንዳቸው ስለ ማስተማር አንድ ቁም ነገር የያዙ መሆናቸው ነው።

የመመዘኛው ነጥብ

የፌስቲቫል ተመልካች በአንድ መቀመጫ ስድስት ወይም ሰባት ፊልም በተከታታይ ያያል። አንዱ እንዳለቀ ሌላው ስለሚተካ ለማሰላሰል ፋታ የለውም። በእንዲህ ዓይነቱ አዳራሽ ብዙ ጭብጨባ የሚያገኘው በመጨረሻው ደቂቃ ተመልካቹን የሚያስደነግጥ ወይም የሚያስቅ ፊልም ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ፊልም ምሥጢሩ አንድ ጊዜ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሲያዩት ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ለመምህሩ የመጀመሪያው መመዘኛ ፊልሙ ሁለተኛ ጊዜ ሲታይ አዲስ ነገር ይሰጣል ወይ የሚለው ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ከዚህ ይጠብቃል። ፊልሙ እውቀት ሊነግር ይችላል፤ ፍርድ ግን ለማን ይተዋል? እውቀት መንገርና ፍርድ መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተማሪው ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ፊልሙ ቢነግረው ይጠቀማል። ራሱ አይቶ ሊፈርድ የሚችለውን ፊልሙ ቀድሞ ከፈረደለት ግን ማሰብ ያለበትን ሰው ከማሰብ አሳረፈው ማለት ነው። ብዙዎቹ «ማስተማሪያ» ተብለው የሚሠሩ ፊልሞች የሚወድቁት በዚህ ፈተና ነው።

ሀ. «ብርጭቆ»

የኔዘርላንዱ የፊልም አዘጋጅ በርት ሀንስትራ በ1958 የሠሩት ይህ ፊልም 11 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በአጭር ዘጋቢ ፊልም ዘርፍም የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ቦታው ሌርዳም የሚገኝ የብርጭቆ ፋብሪካ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሠራተኞች የቀለጠውን ብርጭቆ በረጅም ቱቦ እየነፉ ቅርጽ ሲያስይዙት ይታያል። ጉንጫቸው ይነፋል፣ እጃቸው ይሽከረከራል፣ የጃዝ ሙዚቃም እንቅስቃሴያቸውን ተከትሎ ይሄዳል። በሁለተኛው ክፍል ጠርሙሶች ከመኪና እየወጡ ይሰለፋሉ። ከመካከላቸው አንዱ አንገቱ የተሰበረ ነው። መኪናው ግን ይህን ስለማያውቅ ሥራውን ይቀጥላል፤ ጠርሙሶቹም የሰው እጅ እስኪደርስላቸው ድረስ እየወደቁ ይሰባበራሉ።

በፊልሙ ውስጥ የሚያብራራ ተናጋሪ የለም። ጉዳዩን ይበልጥ አስተማሪ የሚያደርገው ሀንስትራ በዚያው ጊዜ ስለ ብርጭቆ ኢንዱስትሪ ማብራሪያ ያለበት ሌላ ፊልም መሥራታቸው ነው። ሥራው ያው፣ አዘጋጁም ያው ናቸው፤ ማብራሪያ ያለበት ፊልም ዛሬ በጥቂት የሙያው ሰዎች ዘንድ ብቻ ሲታወስ፣ ያልተናገረው በየአገሩ ይታያል። ይህም የሆነው ተመልካቹ እጅንና መኪናን ራሱ ማነጻጸር ስለነበረበት ነው።

ፊልሙ ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። የእጅ ሥራው ሁሉ ውበት፣ የመኪናው ሥራ ሁሉ መሣቂያ ሆኖ መቅረቡ ሚዛን ያጎድላል። የእቶኑ ሙቀት፣ የሠራተኛው ድካም፣ ርካሽ ጠርሙስ ለብዙ ሰው የሚሰጠው ጥቅም አይታይም። የቴክኒክና ሙያ መምህር ፊልሙን ካሳየ በኋላ ያልታየው ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ ከፊልሙ ጉድለትም ትምህርት ሊያገኝ ይችላል።

ለ. «ጎረቤታሞች»

የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ባልደረባ የነበሩት ኖርማን ማክላረን በ1952 የሠሩት ይህ የ8 ደቂቃ ፊልም ሕያው ሰዎችን እንደ አሻንጉሊት አንድ በአንድ ፎቶግራፍ እያነሡ በማንቀሳቀስ የተቀነባበረ ነው። ሁለት ሰዎች በሰላም ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። በወሰናቸው ላይ አንዲት አበባ ትበቅላለች። ሁለቱም ይወዷታል፤ ቀጥሎ የኔ ናት ይባባላሉ፤ አጥር ይተከላል፤ ድብድቡ ይነሣል፤ አበባዪቱም በእግራቸው ሥር ትረገጣለች። ከጠቡ በፊት መልካም የነበረው ፊታቸው ቀስ በቀስ ወደ አውሬ መልክ ይለወጣል። ማክላረን ይህን ፊልም ከመሥራታቸው ሦስት ዓመት በፊት በዩኔስኮ ተልከው በቻይና ገጠር የጤና ትምህርት በሥዕል የሚሰጥበትን መንገድ ሲያሠለጥኑ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። አንድን ነገር ያለ ቃል ማስረዳት ለእርሳቸው የሙያ ግዴታ ነበር።

በወሰን ጠብ ስንት ቤተሰብ እንደሚፈርስ ለሚያውቅ የኢትዮጵያ ተማሪ ይህን ፊልም ማስተርጎም አያስፈልግም። መምህሩ ግን ሁለት ነገሮችን ማጤን ይኖርበታል። አንደኛ፣ ጠቡ ሲከፋ ሁለቱ ሰዎች የአንዱን የሌላውን ቤት አፍርሰው ሚስትና ሕፃን እስከ መግደል ይደርሳሉ። ይህ ክፍል ከአንዳንድ ቅጂዎች ተቆርጦ ቆይቶ ኋላ ተመልሷል፤ ስለዚህ ለታችኛው ክፍል ሕፃናት ሳይሆን ለከፍተኛ ክፍሎች የሚስማማ ነው። ሁለተኛ፣ ፊልሙ የሚያበቃው ጎረቤትህን ውደድ የሚለውን ትእዛዝ በብዙ ቋንቋ በመጻፍ ነው። የአበባዪቱ ጥፋትና የሁለቱ መቃብር የተናገሩትን ነገር ጽሑፉ ደግሞ ተናገረው እንጂ የጨመረው የለም። መምህሩ ጽሑፉ ከመምጣቱ በፊት ፊልሙን ቢያቆም የመጨረሻውን ቃል ለተማሪዎቹ ያቆይላቸዋል።

ሐ. ከቴህራን የመጡ ሁለት ፊልሞች

በኢራን በ1965 የተቋቋመው የሕፃናትና የወጣቶች የአእምሮ ማበልጸጊያ ድርጅት ቤተ መጻሕፍት ከማደራጀትና መጻሕፍት ከማሳተም አልፎ የፊልም ክፍል ከፍቶ ነበር። ክፍሉን ካቋቋሙት አንዱ፣ ኋላ በዓለም የታወቁት አባስ ኪያሮስታሚ ናቸው። የመጀመሪያ ሥራቸው በ1970 የቀረበው «ዳቦና ቅያስ» የተባለው የ10 ደቂቃ ያህል ፊልም ነው።

አንድ ልጅ ዳቦ ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ በጠባቡ ቅያስ ውስጥ ውሻ ይጮኽበታል። ልጁ ይፈራል፤ ቆሞ ይጠብቃል። አላፊ አግዳሚው አያስተውለውም። አንድ ሽማግሌ ሲመጡ ተከትሏቸው ሊያልፍ ይሞክራል፤ እርሳቸው ግን ውሻው ዘንድ ሳይደርሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይታጠፋሉ። በመጨረሻ ልጁ ከዳቦው ቆርሶ ይጥልለታል፤ ውሻውም ወዳጅ ሆኖ እስከ ቤቱ ደጃፍ ይሸኘዋል። በሩ ሲዘጋ ውሻው እዚያው ይተኛል። ፊልሙ ግን በዚህ አያበቃም፤ ሌላ ልጅ ዕቃ ይዞ በቅያሱ ብቅ ይላል፣ ውሻውም ይነሣል።

ሌላ አዘጋጅ ቢሆን በሩ ሲዘጋ ያቆም ነበር። ያኔ ፊልሙ «ደግነት ፍርሃትን ያሸንፋል» የሚል ተረት ይሆናል። ሁለተኛው ልጅ ሲመጣ ግን ተረቱ ወደ ጥያቄ ይለወጣል፤ የመጀመሪያው ልጅ ያገኘው መፍትሔ ለሁሉም ይሠራልን? ዳቦ ያልያዘውስ ምን ያድርግ? ሁለተኛ ጊዜ ሲታይ ደግሞ ሌላ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ በዚያ ቅያስ ስንት ትልልቅ ሰዎች እንዳለፉና የልጁን ጭንቀት አንዳቸውም እንዳላዩ። ትምህርት ቤት ለመድረስ ረጅም መንገድ በእግራቸው የሚሄዱ ሕፃናትን የሚያስተምር ሰው ይህን ፊልም አይቶ በማለዳ የሚደርሱበትን ተማሪዎች በሌላ ዓይን ቢመለከት አያስደንቅም።

በ1975 የተሠራው «ለአንድ ችግር ሁለት መፍትሔ» የተባለው ፊልም 5 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አንድ ተማሪ የጓደኛውን መጽሐፍ ተውሶ ቀዶ ይመልሳል። በመጀመሪያው መፍትሔ ባለ መጽሐፉ ይበቀላል፤ ያኛውም አጸፋውን ይመልሳል፤ የሁለቱም ዕቃ አንድ በአንድ እየተሰበረና እየተቀደደ ጥፋቱ እንደ ሒሳብ ይቆጠራል። በሁለተኛው መፍትሔ የቀደደው ልጅ መጽሐፉን በሙጫ ያጣብቃል፤ ጓደኝነታቸውም ይቀጥላል። በሁለተኛው መመዘኛ ሲታይ ይህ ከስድስቱ ሁሉ ደካማው ነው፤ ትክክለኛውን መልስ ራሱ ያቀርባልና። ጠንካራ ጎኑ ክፉና ደግ የሚሉ ቃላትን ትቶ ኪሣራን ብቻ መቁጠሩ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ መምህሩ የመጀመሪያው መፍትሔ እንዳለቀ ፊልሙን አቁሞ ሁለተኛውን ከተማሪዎቹ ይጠይቅ። የታችኛው ክፍል ሕፃናት የሚያመጧቸው መፍትሔዎች ከፊልሙ ይበልጥ የተለያዩ እንደሚሆኑ መገመት አያዳግትም።

መ. «ቤቱ ጥቁር ነው»

ባለቅኔዋ ፎሩግ ፋሮኽዛድ በ1962 በታብሪዝ አቅራቢያ ባለ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር የሠሩት ይህ 20 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ፊልም በኦበርሃውዘን ፌስቲቫል ተሸልሟል። ፋሮኽዛድ በ1967 በመኪና አደጋ በ32 ዓመታቸው ስላረፉ ከዚህ በቀር በስማቸው የሚታወቅ ሌላ ፊልም አልተዉም። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ማግለል በኢትዮጵያም ረጅም ታሪክ ያለው በመሆኑ ፊልሙ ለዚህ አገር መምህር ሩቅ አይደለም።

በፊልሙ ውስጥ ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንዱ የወንድ ድምፅ ነው፤ በሽታው የሚድን መሆኑንና እንዴት እንደሚታከም በአጭሩ ያስረዳል። ሁለተኛው የባለቅኔዋ የራሳቸው ድምፅ ነው፤ እርሱ ከሕሙማኑ ጎን ቆሞ እንደ ጸሎት ይናገራል። ከላይ የተጠቀሰው ልዩነት እዚህ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። በሽታው የሚድን መሆኑን ተመልካቹ ፊት በማየት ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ይነገረዋል። ስለ ሕሙማኑ ምን ሊሰማው እንደሚገባ ግን አይነገረውም። ሲያበጥሩ፣ ሲኳኳሉ፣ ሲሠርጉ፣ ሕፃናቱ ኳስ ሲጫወቱ ብቻ ያያል።

ለመምህር ከሁሉ የሚበልጠው በመጨረሻ የሚመጣው የክፍል ትዕይንት ነው። በመንደሩ ትምህርት ቤት መምህሩ አንዱን ልጅ ጥቂት የሚያምሩ ነገሮች ጥራ ይሉታል፤ ልጁ ጨረቃን፣ ፀሐይን፣ አበባንና ጨዋታን ይጠራል። ሌላው ደግሞ አስቀያሚ ነገሮችን ጥራ ሲባል እጅን፣ እግርንና ራስን ይጠራል፤ ክፍሉም ይሥቃል። የሚሥቁት ደዌው የነካቸው ልጆች ራሳቸው ናቸው። ቀጥሎ «ቤት» የሚለው ቃል የሚገኝበት ዓረፍተ ነገር በሰሌዳው ላይ እንዲጽፍ የታዘዘው ተማሪ ጥቂት አስቦ የፊልሙ ርዕስ የሆነውን ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። መምህሩ የጠየቁት ተራ የቋንቋ መልመጃ ነበር፤ ያገኙት ግን የተማሪውን ኑሮ ነው። ፊልሙ በዚህ ላይ የሚጨምረው አስተያየት የለም። መልመጃ የሚያዘጋጅ ሁሉ ይህን ትዕይንት ሊያየው ይገባል፤ ሰዋስው ብቻ የሚመስል ጥያቄ የተማሪውን ልብ ሊከፍት እንደሚችል የሚያሳይ ነውና።

ሠ. «ቦሮም ሳሬት»

የሴኔጋሉ ደራሲ ሴምቤን ኡስማን በ1963 የሠሩት ይህ 20 ደቂቃ ያህል የሚሆን ፊልም በዚያው ዓመት በፈረንሳይ በቱር ከተማ ይደረግ በነበረው የአጫጭር ፊልሞች ፌስቲቫል ተሸልሟል። ሴምቤን የወደብ ሠራተኛ ሆነው ኖረው፣ ልቦለድ ጽፈው፣ ማንበብ የማይችለው ሕዝባቸው መጻሕፍታቸውን እንደማያገኝ በመረዳት ወደ ፊልም የዞሩ ሰው ናቸው። ሲኒማን የሚያዩት እንደ ማታ ትምህርት ቤት ነበር።

ታሪኩ የዳካር ጋሪ ነጂ የአንድ ቀን ውሎ ነው። ተሳፋሪዎቹ አይከፍሉትም። በኢትዮጵያ አዝማሪ እንደሚያደርገው የአባቶቹን ጀግንነት እያነሣ ላወደሰው ዘፋኝ ያገኘውን ገንዘብ ይሰጣል፤ አካለ ስንኩሉን ለማኝ ግን ዞር ብሎ አያየውም። የልጁን አስከሬን ይዞ የመጣ አባት ወረቀቱ ስላልተሟላ ከመቃብሩ በር ይመለሳል፤ ነጂውም አስከሬኑን መሬት ላይ አውርዶ ይሄዳል። በመጨረሻ አንድ ጥሩ የለበሰ ሰው ጋሪ ወደማይገባበት ወደ ሀብታሞቹ ሠፈር እንዲወስደው ያግባባዋል፤ ፖሊስ ይይዘዋል፤ ጋሪው ይወሰድበታል። ባዶ እጁን ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ሕፃኑን ታስታቅፈውና ዛሬ እንበላለን ብላ ትወጣለች። ወዴት እንደምትሄድ አይነገርም።

የዚህ ፊልም ኃይል ድኻውን መልአክ አለማድረጉ ነው። ነጂው ተበዳይ ነው፤ በደለኛም ነው። ተማሪዎች ጥፋቱ የማን ነው ተብለው ቢጠየቁ አንድ መልስ ሊሰጡ አይችሉም፤ ክርክሩም ከዚያ ይጀምራል። ለጎልማሶች ትምህርት ከዚህ የተሻለ የውይይት መነሻ ማግኘት ይከብዳል። ጉድለቱ ቋንቋው ነው። የነጂው የልብ ሐሳብ የሚሰማው በፈረንሳይኛ ነው፤ በኑሮው ግን በዚያ ቋንቋ የሚያስብ ሰው አይደለም። ሴምቤን ራሳቸው በ1968 «ማንዳቢ» የተባለውን ፊልም በወሎፍ ቋንቋ ሠርተው ይህን አርመዋል። የመማሪያ ቋንቋን ጉዳይ ለሚያጠኑ ሰዎች እነዚህ ሁለት ፊልሞች ጎን ለጎን ቢታዩ ብዙ ያነጋግራሉ።

የክፍለ ጊዜው ጉዳይና የዕቅድ አውጪው ድርሻ

ከስድስቱ ፊልሞች የሚገኘው ትምህርት ከኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውና በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ይወስድ ነበር። ለመምህሩ የሚቀሩት በመግቢያና በመዝጊያ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ሥርጭቱ ያልገባውን ተማሪ አይጠብቅም፤ ወደ ኋላ አይመለስም፤ የሚናገረውም በእንግሊዝኛ ነበር። የታሰበለት ዓላማ በጎ ነበር፤ ጥሩ መምህር የሚያስተምረውን ትምህርት በሩቅ ላለ ተማሪ ማድረስ። ነገር ግን በክፍል ውስጥ ያለው መምህር መሣሪያውን ከፍቶ የሚዘጋ ሰው እየመሰለ መጣ።

አጭር ፊልም የሚያመጣው ሒሳብ የዚህ ተቃራኒ ነው። 40 ደቂቃ በሚሆን ክፍለ ጊዜ ውስጥ የ10 ደቂቃ ፊልም ሁለት ጊዜ ቢታይ እንኳ 20 ደቂቃ ለመምህሩና ለተማሪው ይተርፋል። በ«ብርጭቆ»፣ በ«ጎረቤታሞች»ና በ«ዳቦና ቅያስ» እንደታየው ፊልሙ ቃል ካልተናገረ ወይም ጥቂት ብቻ ከተናገረ ደግሞ የሚነገረው ቋንቋ የክፍሉ ቋንቋ ይሆናል። ብዙ ቋንቋ ላላት አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ዕቅድ አውጪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከስድስቱ አብዛኞቹ በሕዝብ ወይም በበጎ አድራጎት ተቋም የተሠሩ ናቸው፤ «ጎረቤታሞች» የመንግሥት የፊልም ቦርድ፣ የቴህራኖቹ ሁለት ፊልሞች የሕፃናት ድርጅት፣ «ቤቱ ጥቁር ነው» የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በሚረዳ ማኅበር ጠያቂነት የቀረቡ ናቸው። ከዚህ የሚታየው በተቋም ትእዛዝ መሠራት ለፊልሙ ጥራት እንቅፋት አለመሆኑን ነው። እንቅፋት የሚሆነው አሠሪው መልእክቴ በግልጽ ቃል ካልተነገረ ገንዘቤ ባከነ ብሎ ሲያስብ ነው።

ማጠቃለያ

እነዚህ ፊልሞች ኤሌክትሪክ ባልገባባቸው ትምህርት ቤቶች ነገ ይታያሉ ብሎ ተስፋ ማድረግ ከእውነት የራቀ ይሆናል። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች መጀመር ግን ይቻላል። ሠልጣኙ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ይመልከት፤ በየት ላይ ማቆም እንደሚገባ ይወስን፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፍ፤ ጥያቄውም መልሱ በፊልሙ ውስጥ ተነግሮ የማይገኝ ይሁን። የፊልሙ ትምህርት ምንድን ነው ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ከተማሪ መጠየቅ ግን መቅረት አለበት፤ ይህ ልማድ ጥሩውን ፊልም ሁሉ መልሶ ወደ ስብከት ይለውጠዋልና።

የራሱን ፊልም ለማሠራት የሚያቅድ ተቋምም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበጀዋል። ተማሪው ከዚህ ፊልም ብቻ ሊያውቀው የሚችለው ነገር የትኛው ነው? ራሱ አይቶ ሊፈርደው የሚችለውስ የትኛው ነው? ፊልሙ ካለቀ በኋላ ለመምህሩ ስንት ደቂቃ ይቀራል? ለሦስተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «ምንም» ከሆነ ፊልሙ የቱንም ያህል ቢያምር ለክፍል የተሠራ አይደለም።